«መጣሁ» ያለችው ልጅ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው ሊበተን ሲል፣ በአልጋ ቤቱ የፊት ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ። አንዷ የአልጋ ቤቱ ባለቤት ናት። ሁለተኛው ልጇ ነው፤ ከቤቱ ጎን በተቀጠለች ጠባብ ሱቅ ሸራ ይሰፋል፤ የጭነት መኪና ልባስ፣ የገበያ ዳስ፣ የተቀደደ ድንኳንና ሻንጣ። ሦስተኛው ከትልቁ ከተማ በገዛ መኪናው የመጣ ኢንጂነር ነው፤ ሴት ልጁን ፍለጋ መጥቶ ከጠዋት ጀምሮ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አራተኛው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እሱ ገና መግባቱ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን ያራግፋል።

«ሸራው!» አለ ሹፌሩ። ሰፈርተኛው የባለቤቷን ልጅ የሚጠራው በሚሰፋው ነገር ነው። «እንግዳህን አገኘኋት።»

«የቷን እንግዳ?» አለ ሸራ ሰፊው። የቷ እንደሆነች ግን ልቡ ቀድሞ አውቋል።

«ቀንድ አውጣን ነዋ! ቤቷን አዝላ የምትዞረዋን። ከተራራው ማዶ፣ ሻይ ቤቱ በር ላይ አገኘኋት። አድርስልኝ ያለችኝ አንድ ቃል ነው፤ ‹መጣሁ›።»

ኢንጂነሩ ብድግ አለ። «ቀንድ አውጣ የምትላት ልጄን ነው?»

ሹፌሩ ይህ ሰው ማን እንደሆነ የገባው ያኔ ነው። ኮፍያውን በሁለት እጁ ያዘ። «ይቅርታ ጋሼ። በፍቅር ነው እንጂ ለክፋት አይደለም። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንላት።»

«መጣሁ ነው ያለችህ? በራሷ አፍ?»

«በራሷ አፍ።»

ሌላ የሚጨምረው ነገር ያለ ይመስል አፉን ከፈተ፤ የኢንጂነሩን ፊት አየና መልሶ ገጠመው። «ጭነት አለብኝ፣ ይቅርታ» ብሎ ወጣ።

ኢንጂነሩ ተቀምጦ ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ። «መጣሁ ካለች ደርሳለች ማለት ነው» አለ ለራሱ። «ተመስገን። ተራራ መውጣቱን ጨርሳ መንገድ ዳር ደርሳለች። ነገ በአውቶቡስ ትገባለች።» ጠዋት «አንተ ደግሞ ምኗ ነህ?» ብሎት፣ ሸራ ሰፊው «ቦርሳዋን እሰፋላታለሁ» ብሎ መልሶለት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። አሁን ግን ኢንጂነሩ ቀና ብሎ አየውና፣ «ሻይ እንጠጣ እንጂ» አለው።

የአልጋ ቤቱ ባለቤት ልጇን ወደ ጓዳ ጠራችው።

«በዚህ ቃል ላይ ልብህን እንዳትጥል» አለችው ብርጭቆ እያጠበች። «አባትህም ምላጭ ልግዛ፣ መጣሁ ብሎ ነው የወጣው። እስከ ዛሬ እየተላጨ ነው መሰለኝ።»

«እማዬ ደግሞ!»

«ምን ‹እማዬ ደግሞ› ትላለህ? ሰው መጣሁ የሚለው መቼ ነው? ሲወጣ አይደል? ሲመጣማ ማን ይለዋል፤ ያኔ ይታያል።»

ሸራ ሰፊው ሻዩን ይዞ ወጣ። ልጅቷ ባለፈው ጊዜ ከሱቁ ስትወጣም ያለችው ይህንኑ ቃል ነበር።

ልጅቷን ያወቃት ባለፈው ዓመት ነው። ብቻዋን፣ ያለ መሪና ያለ ጓደኛ፣ ከአንዱ የገበያ ከተማ ወደ ሌላው በእግሯ ትሄድ ነበር። አንዱ ጋ ገበያው ሲበተን ትነሳለች፣ ሌላው ጋ ገበያው ሲቆም ትደርሳለች። በመካከል ያለውን ተራራ ትወጣለች፤ ሲመሽባት ድንኳኗን ተክላ በትንሽ ምድጃ ሾርባ ታፈላለች። ማንገቻው የተገነጠለ ቦርሳ ይዛ ሱቁ የገባች ዕለት አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጦ ነበር። ቦርሳውን ትታለት ዞር እስክትል ቢጠብቅ፣ እሷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እጁን ታይ ጀመር።

«ይዤው እጠፋለሁ ብለሽ ነው?» አላት፣ ቀና ሳይል።

«አይደለም። ሥራውን እንዲህ የሚወድ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ነው።»

መርፌው ጣቱን ወጋው። እሷ አየችና ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ስፌቱ እስኪያልቅ ከዚያ አልተነሳችም።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ ባለፈች ቁጥር ቦርሳዋ አንድ ቦታ ይቀደዳል። ሸራ በእርጅና ወይም በድንጋይ ሲቀደድ ጠርዙ ይቦጫጨቃል፣ ክሩ ይተረተራል። የእሷ ቅዳጅ ግን ቀጥ ያለ ነበር። በሰንጢ የተቆረጠ ነው። ሸራ ሰፊው ይህን ያወቀ ዕለት ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደውም። አውቄብሻለሁ ግን አላላትም።

«ምን ነካው ደግሞ?» ይላታል።

«ድንጋይ» ትለዋለች፣ ወደ ጣሪያው እያየች።

«ክፉ ድንጋይ ነው።»

«በጣም ክፉ።»

ባለፈው የመጣች ጊዜ ግን ቀልድ አልነበረም። «ሱቁን ዝጋና አብረኸኝ ውጣ» አለችው። «አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ የማየውን እይልኝ።» እሱ ወስፌውን አነሳ። ቢቸግረው፣ «እማዬስ?» አለ።

«እናትህን አግባታ!» አለች፣ ቦርሳዋን እየጎተተች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞር አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ደህና ሁን አላለችም። «መጣሁ» ብላ ወጣች፤ እሱም ወስፌውን እንደያዘ፣ ቃሉ ተስፋ ይሁን ስድብ ሳይለይለት ቀረ።

እሑድ አውቶቡሱ ገባ። ኢንጂነሩና ሸራ ሰፊው መናኸሪያው ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ አዩ። ዶሮ ታቅፋ የወረደች ሴት፣ ፍራሽ የተሸከመ ሰውዬ፣ ወታደሮች። የመጨረሻው ሰው ወርዶ ረዳቱ በሩን ዘጋ። ስልኳ እንደተለመደው አይሠራም፤ ተራራው ላይ አገልግሎት የለም።

ሰኞም እንዲሁ ሆነ። ያኔ ኢንጂነሩ ሱቁ ድረስ መጣ።

«የት ነው የደበቅሃት?»

«እኔ? ኧረ እኔ—»

«መጣሁ ብላ ቃል የላከችው ላንተ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም። እዚህ መምጣቴን ነግረሃታል። አባትሽ እዚህ ነው፣ አትግቢ ብለሃታል!»

«ጌታዬ፣ እኔ አላየኋትም።»

«ትምህርቷን ትታ፣ ቤቷን ትታ፣ ለማን ብላ ነው እዚህ ጭቃ ውስጥ የምትመላለሰው? ላንተ? አንተ ማነህ?»

ሸራ ሰፊው ወደ መርፌው ጎነበሰ። ኢንጂነሩ ሲወጣ ትከሻው በሩን መታው። ሸራ ሰፊው ብቻውን ሲቀር ሌላ ሐሳብ መጣበት። የአባቷ መኪና አልጋ ቤቱ ፊት ለፊት ቆሟል፤ ከሩቅ ይታያል። መጥታ፣ መኪናውን አይታ፣ ‹አባቴ ከእሱ ጋር እንዳያየኝ› ብላ ተመልሳ ይሆናል። አፍራብኝ ይሆናል። ይህን ሲያስብ የያዘው ልባስ በግልባጩ ተሰፍቶ አገኘው። እየተረተረ፣ ከዚህ በኋላ እንደማይጠብቃት ለራሱ ነገረው። ራሱም አላመነም።

ማክሰኞ ጠዋት ግን ማኩረፉ አላስቀመጠውም። ጨው የጫኑ መኪናዎች የሚቆሙበት ሜዳ ሄደ። ሹፌሩ መሬት ተኝቶ ክሪክ እያስገባ ነበር።

«ወንድሜ፣ እንደሱ አትበለኝ፤ አሁንም አልመጣችም እንዴ?» አለ ሹፌሩ፣ ሳይጠየቅ። ከመኪናው ሥር ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ስትልህ ምን እያደረገች ነበር?»

«ምን?»

«መጣሁ ስትልህ። ቆማ ነው? ተቀምጣ ነው? ፊቷ ወዴት ነበር?»

ሹፌሩ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። ንጹሕ የሆነውን ጣት ደጋግሞ ጠረገ። «ጫማዋን እያሰረች ነበር። ዓርብ ጠዋት ነው። ሰማዩ ተዘግቶ ነበር። ግቢ፣ በመኪና ዙሪያውን ይዤሽ ልሂድ አልኳት። እምቢ አለች። ‹በአንገቱ ነው የማልፈው፤ አንተ ስትዞር እኔ ደርሼ ሻዬን እጠጣለሁ› አለችኝ።»

አንገቱ የሚሉት በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን የተራራውን መሻገሪያ ነው። እግረኛ ብቻ ያልፍበታል፤ ዝናብና ውርጭ ሲሆን እሱም አያልፍበትም።

«ታዲያ መጣሁ ያለችህ…»

«እየሄደች ነው ያለችኝ፣ ሸራው። ወደናንተ ፊቷን አዙራ። ልነግርህ ነበር እኮ! አባቷን ሳይ ‹እንዴት በዚያ አየር ትተሃት መጣህ› እንዳይለኝ ፈራሁ። ደግሞ ደርሳለች ብዬ ነው፣ ከጎረቤት ሆና ልትስቅባችሁ ነው ብዬ ነው። ልጆቼን ይንሳኝ!»

አንዱ ቃሉን መድረስ አድርጎ ሰምቶታል። አንዷ መሄድ አድርጋ ሰምታዋለች። እሱ ራሱ አኩርፎበታል። እሷ ግን በዚያን ጊዜ ሁሉ መንገድ ላይ ነበረች። ሸራ ሰፊው የሰው ልጅ በቁሙ መታመም ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አወቀ።

ሲነገረው ኢንጂነሩ አልጮኸም። ጫማውን አየና፣ «በዚህ መውጣት እችላለሁ?» አለ። የተወለወለ የቢሮ ጫማ ነው። የሸራ ሰፊው እናት ከአልጋዋ ሥር አቧራ የለበሰ ቦት ጫማ አውጥታ ፊቱ አስቀመጠች።

«የዚያ የሚላጨው ሰውዬ ነው» አለች። «ይልበሱት። ለአንድ ቀን እንኳ ሰው ይዞ ይመለስ።»

ሦስቱ ወጡ፤ ኢንጂነሩ፣ ሹፌሩና ሸራ ሰፊው። ጭጋጉ ከሦስት እርምጃ በላይ አያሳይም ነበር። ሸራ ሰፊው ከዚህ በፊት ከወፍጮ ቤቱ በላይ ወጥቶ አያውቅም። ‹የማየውን እይልኝ› ያለችው ይህን ነው፤ እሱ ግን ምንም አላየም፤ የሚያየው የሚረግጠውን ድንጋይ ብቻ ነበር። ኢንጂነሩ በየመታጠፊያው ልጁን በቤት ስሟ ይጠራል። ተራራው መልሶ ለራሱ ይነግረዋል።

ከአንገቱ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ በተንጠለጠለ ቋጥኝ ሥር፣ ግማሹ የወደቀ ድንኳን አዩ። ውስጡ ነበረች። ቀኝ እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ ላይ ዞሯል፤ ጫማውን ለማውለቅ ሞክራ አልቻለችም። ከንፈሯ ነጭ ነው። አባቷ ተንበርክኮ ሲያቅፋት በትከሻው ላይ አሻግራ ሸራ ሰፊውን አየችው።

«እየመጣሁ ነበር» አለች።

እሱ መናገር አልቻለም። እጇን ሊይዝ ሲያጎነብስ አጠገቧ የወደቀውን ቦርሳ አየ። አንዱ ማንገቻ ተቆርጦ በቋጠሮ ተይዟል፤ ቋጠሮውም ሸርተት ብሎ ተፈቷል። ጣቱን ጠርዙ ላይ አደረገ። ቀጥ ያለ ነው። በሰንጢ የተቆረጠ ነው።

ለእሱ የሚሰፋ ነገር ይዛለት ልትመጣ፣ መንገድ ከመጀመሯ በፊት ቆርጣዋለች። ቋጠሮው ገደሉ አፋፍ ላይ ሲፈታ ቦርሳው ወደ አንድ ጎን ጥሏታል።

«እንዴት ወደቀች?» አለ ኢንጂነሩ።

«ድንጋይ አንሸራትቷት» አለ ሸራ ሰፊው፤ የተቆረጠውን ማንገቻም አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

የድንኳኑን ሸራ በሁለት እንጨት ላይ እዚያው ሰፍቶ ቃሬዛ አደረገው። ጣቶቹ በብርድ ደንዝዘው ነበር፤ ቢሆንም በሕይወቱ እንደዚያ ጠንቅቆ ሰፍቶ አያውቅም። ሲወርዱ እሷ አንዴ ትነቃለች፣ አንዴ ትጠፋለች። አንዴ ስትነቃ እጅጌውን ሳበችው።

«ክረምቱን እናንተ ከተማ ቤት ልከራይ ነበር» አለችው ቀስ ብላ። «ልነግርህ ነበር። እናትህን ሳታገባ።»

ሊስቅ ሞከረ። እንባው ጉንጩ ላይ በብርድ ሲያቃጥለው ብቻ ተሰማው።

የከተማዋ ሆስፒታል ግድግዳው አረንጓዴ ነው፤ ቀለሙ ከታች በኩል በወንበር ጀርባ ተፍቋል። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። የልጅቷን እግር ገልጣ አይታ ሸፈነችው።

«ሞቷል» አለች። «መርዙ ወደ ላይ እየሄደ ነው። ዛሬውኑ ካልቆረጥነው ነገ የምንቆርጠው ነገር አይኖርም።»

«እዚህ አይነካም!» አለ ኢንጂነሩ። «መኪናዬ ውጭ ቆሟል። ትልቁ ከተማ አደርሳታለሁ፤ እዚያ ስፔሻሊስት አለ።»

«አባት፣ እኔም ብትሄድ ደስ ይለኛል። መንገዱ ግን አያደርሳትም።»

«አንቺ እግዚአብሔር ነሽ?»

«አይደለሁም። ለዚያ ነው የምቸኩለው።»

«እኔ እዚህ ነኝ» አለች ልጅቷ ከአልጋው። ድምጿ የደከመ ቢሆንም ሁሉም ዞሩ። «እኔን ጠይቁኝ። የኔ እግር ነው።» አባቷን አየችው። «ውሰደኝ አባዬ። እዚያ ያድኑት ይሆናል።»

ኢንጂነሩ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። ሐኪሟ ከንፈሯን ነከሰች። ልጅቷ ጭንቅላቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እዚያ ሸራ ሰፊው ቆሟል።

«አንተ ደግሞ ምን ታየኛለህ?» አለችው። «ሁልጊዜ ዝም ትላለህ። ዛሬም ዝም በል።»

«ይቆረጥ» አለ።

ኢንጂነሩ ቁልፉን እንደያዘ ወደ እሱ ዞረ።

«ምን አልክ?»

«ይቆረጥ።» የአልጋውን ብረት ያዘ። «እዚሁ፣ አሁን ይቆረጥ።»

«አንተ ማነህ?» አለ ኢንጂነሩ፤ እንደ ሰኞው ግን አልጮኸም። እየለመነ የሚጠይቅ ይመስል ነበር።

«ማንም አይደለሁም ጌታዬ። ይወዱኛል ብዬም አልመጣሁም። መኪናው ውስጥ ብትሞትብዎት ግን ያንን መንገድ ዕድሜዎን ሙሉ ይነዱታል።»

ልጅቷ ቀና ልትል ሞከረች፤ አልቻለችም። «አንተ ስለማትሄድ ነው!» አለችው። «ከዚያች ጉድጓድህ ወጥተህ ስለማታውቅ ነው! መሄድ ምን እንደሆነ በምን ታውቃለህ? እኔ ሌላ ምን አለኝ? ሰው አላገባሁ፣ ትምህርት አልጨረስኩ፤ ያለኝ እግሬ ነው። አሁን እኔንም እንደራስህ አንድ ቦታ ልትተክለኝ ነው፣ አይደል? እዚያች ሱቅ በር ላይ ተቀምጬ መርፌ ላቀብልህ!»

«የፈለግሽውን በዪኝ» አለ ሸራ ሰፊው።

«እጠላሃለሁ።»

«ጥዪኝ። ቁጭ ብለሽ ጥዪኝ። ሸምግለሽ፣ ጸጉርሽ ሸብቶ ጥዪኝ። ሞተሽ ግን እንዴት ነው የምትጠዪኝ?» ድምፁ ተሰበረ። «የጫማሽን ድምፅ ከመንገዱ ማዶ ለይቼ አውቀዋለሁ። ያንን ድምፅ ከኔ በላይ የሚፈልገው ሰው የለም። ቢሆንም ይቆረጥ።»

እሷ አየችው። በዓይኗ ውስጥ የነበረው ቁጣ ብቻ ቢሆን ይችለው ነበር። ፍቅርም ነበረበት፤ ፍቅሩ ሲዘጋ ነው ያየው፤ ከውስጥ ሆኖ በር የሚዘጋ ሰው ይመስል።

«ቁረጪው» አለች ሐኪሟን። ቀጥላም፣ እሱን ሳታይ፣ «ይሄ ሰውዬ ግን ይውጣልኝ» አለች።

ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ከእንጨቱ አግዳሚ ጫፍ ተቀመጠ። ኢንጂነሩም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወጣ፤ ሌላ ባዶ ቦታ ሞልቶ ሳለ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። እግሩ ላይ አሁንም የሰው ቦት ጫማ ነበር። ሁለቱም ወለሉን አዩ። አንድ ጊዜ ኢንጂነሩ እጁን አንስቶ የሸራ ሰፊው ጉልበት ላይ ሊያደርገው ምንም አልቀረውም፤ አየር ላይ አቁሞ መለሰው።

እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። ሕይወቷ ተረፈ። ስትነቃ ውሃ ጠየቀች፤ ቀጥላ አባቷን ጠየቀች። ሸራ ሰፊውን አልጠየቀችም።